ልጆቻችንን የሚያበላሸው ድብድቡ ነው? 26 መልስ የመጣበት ክር

ባለፈው ወር እዚህ የፊልም መድረካችን ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። 26 መልስ መጣበት። የመልሶቹ ክር ስለረዘመ መከተል አቃተን ያላችሁኝ አላችሁ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ደግሜ አንብቤ በራሴ አነጋገር ላጫውታችሁ። ሁሉንም እኩል አላወራም። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ጥቂት መልሶች ናቸው፤ እነሱ ላይ ቆየት እላለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን አብረን አየን። ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን በ1952 ያዘጋጁት ፊልም ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ያቺ የምወዳት ቦታ ደረሰች። ኬሊ ፍቅረኛውን ደጇ ድረስ ሸኝቶ ይመለሳል። ዝናቡ ይወርዳል። መኪናውን ያሰናብትና ጃንጥላውን ያጥፋል። የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ዘሎ ይንጠለጠላል። አሸንዳ ሥር ቆሞ ውሃው ሲወርድበት ይስቃል። ከዚያ እንደ ሕፃን ኩሬው ውስጥ ይንቦጫረቃል። በዚህ መሃል አንድ ፖሊስ መጥቶ ይቆማል። ልጄ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር ያየው። ፖሊሱን ሲያይ ግን ቀና አለና፣ አሁን ሊደባደቡ ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ።

ፖሊሱ ምንም አያደርግም። ኬሊ ጃንጥላውን ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጄም ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ጥያቄው ከነከነኝ። በማግስቱ ጻፍኩ። ያልኩት ይህን ነው፦ ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የነበረው የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ንጹሕ ነበር። ሰው ደስ ሲለው ይዘፍናል፣ ሲዋደድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሽከረከራል። አክሽን መጥቶ ያንን ገደለው። የልጆቻችንንም ዓይን አበላሸ፤ ሁለት ሰው በተገናኘ ቁጥር ቡጢ የሚጠብቅ ዓይን ሰጣቸው። የማይስማማ ካለ ይንገረኝ ብዬ ጨረስኩ።

1ኛዋ መላሽ የልጅ ልጆች ያሏቸው እናት ናቸው። መርቀውኝ ጀመሩ። የልጅ ልጆቻቸው ፊልም ዓይተው ከሶፋ ላይ እየዘለሉ ሲፋለሙ ረከቦታቸውን ከነሲኒው እንደሰበሩባቸው ነገሩን። 2ኛው ደግሞ በ1965 የወጣውን «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ለልጆቹ አሳይቶ፣ እስከ ዛሬ ዶ ሬ ሚ እያሉ ደረጃ እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ጻፈ። ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር የሆነ መሰለኝ።

3ኛው ላይ ነገሩ ተቀየረ። ይህ ሰው የፊልም ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል። በትሕትና ነው የጻፈው፤ ግን ምንም አልተወልኝም። የዚያ ዘመን ፊልም ንጹሕ የመሰለው ሕግ ስለነበረበት ነው አለ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ ዋለ። ጭካኔ የተሞላበት ግድያ በዝርዝር ማሳየት ተከለከለ። ደንቡ የቀረው በ1968 ነው፤ በቦታው በዕድሜ የሚከፋፍለው ደረጃ ተተካ። አክሽን ሙዚቃዊውን ገደለው ማለቴንም አልተቀበለም። «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የማይታመን ገንዘብ ሲያስገባ ስቱዲዮዎቹ ያንኑ ለመድገም ግዙፍ ሙዚቃዊ ፊልሞች ላይ ገንዘብ አፈሰሱ። በ1967 «ዶክተር ዱሊትል»፣ በ1969 «ሄሎ ዶሊ» ወጪያቸውን መመለስ አቃታቸው። ስለዚህ ሙዚቃዊውን የጣለው የራሱ ክብደት ነው ሲል ደመደመ። 4ኛው የእኔ መልስ ነው። አመሰገንኩት፤ የልጆቹ ነገር ግን እንዳለ ነው ብዬ ቆምኩ።

5ኛው ወደ ሰፈራችን መለሰን። ቪዲዮ ቤት ያደገ ልጅ ነው። የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፎ በር ላይ ይቆማል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው፣ የካራቴ ፊልም አይተው፣ ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ እርግጫ በእርግጫ ይሆናል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ ቄስ፣ አንዱ ነርስ መሆኑን ነገረን። ቀጥሎ ያነሳው ግን በጣም ያሳሰበኝ ነው። የሕንድ ፊልም ዳንሱንም ድብድቡንም በአንድ ድስት ውስጥ ከቶ ነው የሚያቀርበው። ቋንቋውን ሳያውቁ ዘፈኑን በቃላቸው ይዘውታል፤ ጡጫውንም እንዲሁ። ታዲያ የትኛው ነው ያሳደገኝ ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረኝም።

6ኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ይለው እንደነበር አስታወሱን። ያኔ የተፈራው ደምም ድብድብም አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ሰይጣን ቤት አለው ማለታቸው ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ታሪኩን ብቻ ተናግረው ነው የወጡት። ከ7 እስከ 9 ያለው የየትኛው ሕንዳዊ ተዋናይ ዳንስ ይበልጣል የሚል ክርክር ስለሆነ እዘለዋለሁ።

10ኛዋ ሳይኮሎጂ የተማረች ናት። በ1961 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ የሠሩትን ሙከራ አመጣች። ልጆቹ 72 ነበሩ፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ። ለሙከራው የተጠቀሙበት አሻንጉሊት በአየር የሚነፋ፣ ሥሩ ክብደት ያለበት፣ ቢመቱት ተመልሶ የሚቆም ነው። አንድ ትልቅ ሰው ልጁ እያየ አሻንጉሊቱን በመዶሻ ይመታዋል፣ ይረግጠዋል። በኋላ ልጁ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተው፣ ያንን ያየው ልጅ ካላየው በበለጠ ይመታዋል፤ አመታቱንም ሳይቀር ይገለብጣል። በ1963 ደግሞ ትልቁን ሰው በፊልም አሳይተው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። እሷ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ልጅ ያየውን ይሠራል ባይ ናት።

11ኛው ተቆጣ። እንዲመታ ተብሎ የተሠራ አሻንጉሊት መምታት ሰው መምታት ነው ወይ ብሎ አፋጠጣት። ከዚያ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ጎርደን ዳልና ስቴፋኖ ዴላቪኛ በ2009 ያሳተሙትን ጥናት ጠቀሰ። አሜሪካ ውስጥ ኃይለኛ ፊልም ብዙ ሰው በሚያይባቸው ቀናት የድብደባ ወንጀል ይቀንሳል። በአማካይ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ወደ 1,000 የሚጠጋ ድብደባ ሳይፈጸም ይቀራል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ጠብ የሚወድ ሰው ሲኒማ ቤት ከተቀመጠ መጠጥ ቤት የለም። 12ኛዋ፣ ያችው ሳይኮሎጂ የተማረችው፣ ያ ጥናት የሚያወራው ስለዚያች ሌሊት ነው እንጂ ስለ ልጅ አስተዳደግ አይደለም አለችው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ቃላቸው እየሻከረ ሄደ። አንዱ አንዱን መሃይም እስከ ማለት ደረሰ። 13ኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ተረጋጉ ብሎ ሁለት መስመር ጽፎ ወጣ።

14ኛው መልስ የመጣው ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ነው። የጻፈችው ውጭ አገር የምትኖር እህት ናት። የእኔን ንጹሕ የሚለውን ቃል ይዛ ነው የመጣችው። በ1954 የወጣውን «ሰቨን ብራይድስ ፎር ሰቨን ብራዘርስ» አይተኸዋል ወይ አለችኝ። አይቼዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ያዘጋጀው ያው ዶነን ነው። ሰባት ወንድማማቾች ተራራ ላይ ይኖራሉ። ትልቁ ያገባል። ስድስቱ ከተማ ወርደው የእህል ጎተራ ሲሠራ ስድስት ልጃገረዶች ያገኛሉ። እዚያ ላይ ያለው ዳንስ፣ በሳንቃና በመጥረቢያ፣ እስከ ዛሬ አቻ የለውም። ዳንሱ ወደ ድብድብ ይዞራል፤ ሲሠሩት የነበረው ጎተራ ይፈርሳል። ከዚያስ? ትልቁ ወንድም የጥንት ሮማውያን የጎረቤት ሕዝብ የነበሩትን የሳቢን ሴቶችን እንዴት እንደጠለፉ በዘፈን ይነግራቸዋል። እነሱም በሌሊት ከተማ ገብተው ልጃገረዶቹን ጠልፈው በጋሪ ይጭናሉ። የበረዶ ናዳ መንገዱን ይዘጋና እስከ ጸደይ አሳዳጅ አይደርስባቸውም። በመጨረሻ ስድስቱም ከጠላፊዎቻቸው ጋር ይጋባሉ።

እህታችን የእናቷን ታላቅ እህት ታሪክ ጻፈች። ልጅ ሳለች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ተጠለፈች። ቤተሰብ ሊፈልጋት ሲወጣ ያገኘው መንገድ ላይ የተሰበረ እንስራ ነው። ከሳምንት በኋላ ሽማግሌ መጣ። ጠለፋው ጋብቻ ሆነ፤ ልጆች ተወለዱ፤ ሰውም ተዋደው ነው የኖሩት ይላል። እህታችን ያንን ፊልም መጀመሪያ ያየችው ጓደኞቿ ቤት ነው። ጋሪው ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። በዛሬ ፊልም ውስጥ ስንት ሰው በሽጉጥ ሲሞት አይታ እንዲህ ያመማት የለም። መተኮስ መጥፎ ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሪው ግን ደስ ይላል፤ ዘፈን አለው።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቁሜ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ትንሽ ዞርኩ።

15ኛው ቸኮለባት። የድሮ ኮሜዲ ነው፣ በሁሉም ነገር ቁስል ከተፈለገ የሚታይ ፊልም አይቀርም አላት። 16ኛዋ በቁጣ መለሰችለት። ፊልሙ የሚነግረን ልጃገረዶቹ በመጨረሻ እንደወደዷቸው ነው፤ ሽማግሌውም የሚለው ይህንኑ ነው ስትል ጻፈች። ሕጉንም አስታወሰችው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። ያ መውጫ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ሆሊውድ ሲስቅበት የነበረው መጨረሻ እኛ ጋ ሕግ ነበር ማለት ነው። 17ኛው ያው ቸኩሎ የነበረው ሰው ነው። ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያ አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ። ፊልሙ ውስጥ የትልቁ ወንድም ሚስት ወንዶቹን ገሥጻ ከቤት አስወጥታ ጋጣ ታሳድራቸዋለች። ፊልሙ ጥፋት መሆኑን ያውቃል። እውነት ነው። ግን በረዶው ሲቀልጥ ሁሉም ነገር ይረሳል። 18ኛዋ በ1956 የወጣውን «ካሩሰል» ጨመረች። ባል ሚስቱን ይመታል። ከሞተ በኋላ ለአንድ ቀን ወደ ምድር ሲመለስ ልጁንም ይመታታል። ልጅቷ አላመመኝም ስትል እናቷ እንዲያ ሊሆን እንደሚችል ትነግራታለች። ከጀርባው ያለው ሙዚቃ በጣም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው።

19ኛው ዳንስ የሚያስተምር ሰው ነው። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የሱን ነው። ዳንስና የፊልም ድብድብ አንድ ሙያ ነው ይላል። ሁለቱም በቁጥር ይሠራሉ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቡጢው ፊት አጠገብ ያልፋል፤ የሚመታው ሰው በልኩ ጭንቅላቱን ይወረውራል፤ ድምፁ በኋላ ይገባል። አንዱ አንድ ምት ከቀደመ አፍንጫ ይሰበራል። ልዩነቱ ካሜራው ላይ ነው። ፍሬድ አስቴር በ1930ዎቹ ሲጨፍር ከራሱ እስከ ጫማው እንዲታይ፣ ቅንጭብጭብ እንዳይደረግበት ይጠይቅ ነበር። «ቶፕ ሃት» የተባለውን ፊልሙን ያየ ያውቀዋል። ሰውነቱ ሲደክም፣ ሲተነፍስ፣ መሬት ሲነካ ታያለህ። የዛሬ ድብድብ ግን በየሰከንዱ እየተቆረጠ ነው የሚሠራው። እጅ ታያለህ፣ መስታወት ሲሰበር ታያለህ፣ ሰውዬውን አታየውም።

ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ተዋናዩን ራስ ታምብሊንን ነው። በ1954ቱ ፊልም ከወንድማማቾቹ ትንሹ ነበር፤ ጎተራው ላይ እንደ ፌንጣ የሚዘለው። በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ውስጥ ከሚፋለሙት ሁለት የሰፈር ቡድኖች የአንዱን መሪ፣ ሪፍን ሆኖ ተመለሰ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ጄሮም ሮቢንስ ነበር። የሁለቱን ቡድኖች ተዋንያን ከካሜራ ውጪም እንዳይቀላቀሉ ያደርግ ነበር፤ ጥላቻው እውነት እንዲመስል። ከአውራ ጎዳናው ሥር ያለው ፍልሚያ እንደ ዳንስ ይጀምራል። ክብ ይሠራሉ፣ ይዘላሉ። ቢላው ሲገባ ዳንሱ ቀጥ ይላል። ያ ሲበር የነበረ ሰውነት ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ፊልሙ ሲያልቅ የሁለቱም ቡድን ልጆች አንድ ሬሳ ተሸክመው ይወጣሉ። አይዘፍኑም። ልጅህ ድብድብ ይይ፣ ብቻ የወደቀው ሰው ሲከብድ ይይ አለኝ።

ይኸው ነው ሐሳቤን የለወጠው። እኔ ስቆጥር የነበረው ደም ነው። ስንት ጥይት፣ ስንት ቡጢ። ልጄን ግን ያስለመዱት ክብደት የሌላቸው ምቶች ናቸው። የተመታው ሰው ሳያመው ይነሳል፣ ታሪኩም ይቀጥላል። ጋሪው ላይ ያሉት ሴቶችም እንዲያው ናቸው፤ ሳያማቸው ታሪኩ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ያንን ጋሪ ለሃያ ዓመት እየሳቅኩ አይቼዋለሁ።

20ኛው 3ኛው ስላነሳው ደንብ ሌላ ነገር ጨመረ። ደም እንዳይታይ የከለከለው ወረቀት በጥቁርና በነጭ መካከል ያለ ፍቅርንም ከልክሎ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊና ሆርን በኤምጂኤም ስቱዲዮ ሙዚቃዊ ፊልሞች ውስጥ የምትዘፍንባቸው ክፍሎች ከታሪኩ ተነጥለው ይቀረጹ ነበር። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ሲኒማዎች እሷን ቆርጠው ቢጥሏት ታሪኩ እንዳይጎድል። ይህን እያወቁ በዚያ ውበት መዝፈን ምን ያህል እንደሚያም አስቡት።

21ኛዋ ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን ጉዳት ቆጠረችልን። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ሲሠራ የኬሊን ፍቅረኛ ሆና የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ ገና 19 ዓመቷ ነበር፤ ዳንስ የተማረች አልነበረችም። ሦስቱ ተዋንያን ሶፋ እየገለበጡ የሚጨፍሩበትን ክፍል ከጠዋት እስከ ሌሊት ቀርጸው ሲጨርሱ እግሯ ደም ሆኖ ነበር። ኬሊም ያንን የዝናብ ዳንስ የጨፈረው ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ይዞት ነው። በ1939ኙ «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ጠንቋይዋን የሠራችው ማርጋሬት ሃሚልተን ለትዕይንቱ የተዘጋጀው እሳት ቀድሞ ተነስቶ ፊቷንና እጇን አቃጥሏት ለሳምንታት ተኛች። እኔ ንጹሕ ያልኩት ደስታ ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። አሁን ሳየው ዋጋው ጨመረብኝ እንጂ አልቀነሰም።

22ኛው የስታንሊ ኩብሪክን «ኤ ክሎክዎርክ ኦሬንጅ» አነሳ። በ1971 የወጣ ነው። ወጣቶች አንድ ቤት ሰብረው ገብተው ባልና ሚስት ሲያሠቃዩ፣ መሪያቸው ያንኑ የኬሊን የዝናብ ዘፈን እየዘፈነ በየምቱ ይራገጣል። ዘፈኑ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም፤ ተዋናዩ ማልኮም ማክዳዌል ልምምድ ላይ ድንገት ያወጣው ነው። ፊልሙ ብሪታንያ ውስጥ ወንጀል አስከተለ ተብሎ ብዙ ሲጻፍበት ኩብሪክ ራሱ ከዚያ አገር ሲኒማዎች አስወጣው። በ1999 እስኪሞት ድረስ እዚያ በሕጋዊ መንገድ አልታየም። 23ኛዋ ይህን በማንሳቱ ክፉኛ ተቆጣች፤ ዘፈኑን አበላሸህብኝ አለችው። እኔም መጀመሪያ እንደሷ ተሰማኝ። በኋላ ግን ገባኝ። ያ ትዕይንት የሚያስጠላው ዳንሱ በሚያስደስትበት ምክንያት ነው፤ እያየን ሳናስበው እግራችን ምቱን ይከተላል።

24ኛው በ1973ቱ ኦስካር ሙዚቃዊው «ካባሬ» 8 ሽልማት ወስዶ፣ ትልቁን ግን 3 ብቻ ባገኘው የማፊያ ፊልም «ጎድፋዘር» እንደተነጠቀ አስታወሰና ድብድቡ ያሸነፈው ያኔ ነው አለ። 25ኛው እነዚህን ፊልሞች በአማርኛ ጽሑፍ የት እንደሚያገኝ ጠየቀ። የሚያውቅ ካለ ይንገረው።

26ኛው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያችው የ14ኛው መልስ ባለቤት ናት። አክስቷ ልትጠይቃት እሷ ጋ መጥተዋል። ምን እንደገፋፋት ባታውቅም ፊልሙን አብረው ከፈቱት። አክስቷ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የጎተራው ዳንስ ላይ ግን ተደሰቱ፤ ሳንቃው ላይ የሚዘሉትን ልጆች እያዩ እጃቸውን አጨበጨቡ። ሁለቴ አስደገሟት። ጋሪው ሲመጣ ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ወደ ጓዳ ገብተው ቡና መቁላት ጀመሩ። እሷም ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ተከተለቻቸው።